ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ በሽታ
(ስለ ኮክ፣ ፕሪምና ዘመዶቻቸው ቫይረሶች)



ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችውን የኮክ ዛፍ የማያውቅ ሠልጣኝ በግቢያችን የለም። ፍሬዋ ትልልቅና ጣፋጭ ስለሆነ ገና ሳይበስል እንሻማበታለን። ባለፈው ወር የሳይንስ ክበባችን አንድ ሐሳብ አቀረበ። ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ ስንሰማራ እያንዳንዳችን ከዚህች ዛፍ የተዳቀለ አንዳንድ ችግኝ ይዘን እንሂድ የሚል ነበር። ሁላችንም በደስታ ተቀበልነው። የግቢያችን አትክልተኛ አባትም «ከሷ ከቆረጣችሁ አታፍሩም ልጆቼ» ብለው አበረታቱን።

ቢላውን ስለን፣ መጠቅለያውን አዘጋጅተን ዛፏ ሥር በተሰበሰብንበት ዕለት ግን አንዲት ጓደኛችን ቅጠል ቀጥፋ «ይሄ ምንድነው?» አለች። በአረንጓዴው ቅጠል ላይ ፈዘዝ ያሉ ቢጫ ቀለበቶች ይታያሉ። ከፊላችን «የውኃ ጥም ነው» አልን። ከፊላችን «ፀሐይ ነው» አልን። አንዱ ደግሞ «እንዴ! ፍሬዋ ጣፋጭ እስከሆነ ድረስ ቅጠሏ ቢዥጎረጎር ምን ችግር አለው?» አለ። ጥያቄው በቢላ የሚመለስ ስላልነበረ ሥራውን አቁመን ወደ መጻሕፍት ሄድን። ያገኘነውን በዚህ ጽሑፍ እናካፍላችኋለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ዛፎቹ እነማን ናቸው?

ኮክ፣ ፕሪም፣ አፕሪኮት፣ ቼሪና አልሞንድ በመልክም በጣዕምም ይለያያሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም ፕሩነስ በሚባለው የዕፅዋት ወገን ውስጥ የሚመደቡ ዘመዳሞች ናቸው። በፍሬያቸው መሐል ጥርስ የማይበግረው አንድ ጠንካራ አጥንት አለ፤ ዘሩ የሚገኘው በዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ «ባለ አጥንት ፍራፍሬዎች» እያልን እንጠራቸዋለን። በአገራችን ደኖች ውስጥ የሚበቅለው ጥቁር እንጨትም የዚሁ ወገን ዛፍ ነው።

ዝምድናውን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ኮክን የሚይዝ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፕሪሙንም አፕሪኮቱንም ስለሚይዝ ነው። በአንዱ ላይ ከባድ ሕመም የሚያመጣው በሌላው ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። የችግሩም ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

2. ቫይረስ ዛፍ ውስጥ ምን ይሠራል?

ቫይረስ በራሱ አይበላም፤ አይተነፍስም። በፕሮቲን የተሸፈነ የውርስ መልእክት ነው ብንል አንሳሳትም። ሕያው ሴል ውስጥ ሲገባ ግን ሴሉ የራሱን ሥራ ትቶ የቫይረሱን ቅጂ እንዲያባዛ ያደርገዋል። ቅጂዎቹም ከሴል ወደ ሴል ያልፋሉ፤ ዛፉ ምግቡን በሚያመላልስበት ቧንቧ ገብተው ወደ ቅርንጫፉና ወደ ሥሩ ይሠራጫሉ።

የሰው አካል ለብዙ ቫይረሶች ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ ይድናል። ዛፍ ይህ ዓይነት ደም የለውም። አንዴ የተያዘ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን በሙሉ ይዞት ይኖራል። ቆሞ ያለን የታመመ ዛፍ በርጭት የሚያድን መድኃኒት የለም። ስንዴ ቢታመም በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዘር ይዘራል። የፍራፍሬ ዛፍ ግን ለ15 እና ለ20 ዓመት የሚተከል ነው። ስለዚህ በተከላ ቀን የተሠራ ስሕተት አንድ ትውልድ ተማሪ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ አብሮ ይቆማል ማለት ነው።

3. ብዙ ቫይረስ፣ ብዙ መንገድ

ባለ አጥንት ፍራፍሬዎችን የሚያጠቁት ቫይረሶች በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው። ከፊሎቹ ቀጭን ክር ይመስላሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ እንደ ኳስ ክብ ናቸው። ስማቸውን ሁሉ ብንደረድር ለፈተና እንጂ ለሥራ አይጠቅምም። በምን እንደሚጓዙ ብንከፍላቸው ግን ለማስተማርም ለመከላከልም ይቀላል።

ሀ/ በክሽክሽ የሚጓዝ። ከሁሉም የከፋው የፕሪም ፈንጣጣ የሚባለው ነው። በቡልጋሪያኛ «ሻርካ» ይሉታል፤ ትርጉሙም ፈንጣጣ ማለት ነው። ቫይረሱ ክር መሳይ ሲሆን ርዝመቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። ክሽክሽ የምትባለው ለስላሳ ተባይ በታመመ ቅጠል ላይ ዐርፋ በመርፌ መሳይ አፏ ለጥቂት ሴኮንዶች ስትቀምስ ቫይረሱ በአፏ ጫፍ ላይ ይጣበቃል። ወደሚቀጥለው ዛፍ በርራ ስትቀምስ ደግሞ ታወርሰዋለች። ይህን ማድረግ የሚችሉት የክሽክሽ ዓይነቶች ከ20 በላይ ናቸው። በኮክ ዛፍ ላይ የማይኖሩና የማይራቡ፣ መንገድ ላይ ቀምሰው የሚያልፉ ክሽክሾችም ጭምር ያስተላልፋሉ።

«ታዲያ ፀረ ተባይ መርጨት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን መድኃኒቱ ክሽክሿን እስኪገድል ደቂቃዎች ይፈጃል፤ እሷ ቫይረሱን ለማውረስ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይበቃታል። ርጭት የተባዩን ቁጥር ይቀንስ ይሆናል እንጂ በሽታውን ብቻውን አያቆምም።

ለ/ በአበባ ዱቄት የሚጓዝ። በቼሪ፣ በኮክና በፕሪም ላይ በዓለም ዙሪያ በብዛት ከሚገኙት ሁለቱ፣ ቅጠል ላይ ቀለበት እየሠራ የሚያደርቀው ቫይረስና የፕሪም አቀንጭር ቫይረስ ናቸው። የመጀመሪያው የያዘው ቅጠል ቀለበቶቹ ደርቀው ሲረግፉ እንደ ወንፊት ይበሳሳል። ሁለቱም በአበባው ዱቄት ውስጥ ይገኛሉ። ንብ ዱቄቱን ይዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትዞር ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። ከዘሩም ከፊሉ ታሞ ሊበቅል ይችላል። ንብን ማባረር ደግሞ አይታሰብም፤ ንብ ከሌለች ፍሬውም የለም።

ሐ/ በአፈር ውስጥ የሚጓዝ። በሰሜን አሜሪካ የኮክ እርሻዎች የታወቀው የቲማቲም ቀለበት ቫይረስ የሚተላለፈው ኔማቶድ በሚባሉ፣ ሥር በሚመጡ፣ እጅግ ጥቃቅን የአፈር ትሎች ነው። በአረም ውስጥም ይኖራል። የታመመው ዛፍ ከመሬት ከፍ ብሎ ቅርፊቱ ሲነሣ እንጨቱ ተሰርጉዶና ተቦርቡሮ ይገኛል። በዚህም ምክንያት እንዲህ ያለው ዛፍ ነፋስ ሲመታው ከሥሩ ሊሰበር ይችላል። የታመመውን ነቅሎ ወዲያው በዚያው ጉድጓድ ሌላ መትከል አዲሱን ችግኝ ለትሉ አሳልፎ እንደ መስጠት ነው።

መ/ ዱቄት በመሳይ ተባይ የሚጓዝ። በገላዋ ላይ ዱቄት የተነሰነሰባት የምትመስለው ሚሊባግ የተባለች ተባይ ቼሪን የሚያሳንስ ቫይረስ ታስተላልፋለች። በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጠቅላይ ግዛት፣ ኩትኔ በሚባል አካባቢ በሽታው በ1930ዎቹ ታይቶ የስመ ጥር ቼሪ አምራቾቹን ሥራ አጠፋው። ዛፉ በቅጠሉም በአበባውም ጤነኛ ይመስላል። ፍሬው ለመለቀም ሲቃረብ ግን ትንንሽ፣ የገረጣና ጣዕም የለሽ ሆኖ ይቀራል። ገበሬው የዓመት ልፋቱን ጨርሶ በመጨረሻው ሳምንት ነው የሚያውቀው። ለጌጥ የሚተከሉ የጃፓን የአበባ ቼሪዎች ይህንን ቫይረስ ያለ ምልክት ሊሸከሙ ይችላሉ።

ሠ/ በሰው እጅ የሚጓዝ። ከላይ የዘረዘርናቸው ሁሉ አንድ የጋራ መንገድ አላቸው፤ እሱም ማዳቀል ነው። ከታመመ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ ወይም አንዲት ዓይን በጤነኛ ችግኝ ላይ ስትጣበቅ የሁለቱ ቧንቧ ይገናኛል፤ ቫይረሱም ያለ ክሽክሽ፣ ያለ ንብ፣ ያለ ትል ይሻገራል። የፖም ቅጠል አገርጪ ቫይረስ የሚባለው ለምሳሌ አስተላላፊ ተባይ አልተገኘለትም። ሆኖም በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው ሰው ሲያዳቅል ነው። በብዙ የፖም ዓይነቶች ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ይኖራል፤ ኮክና ፕሪም ላይ ሲገባ ግን ሊጎዳ ይችላል። በአገራችን በጨንቻ ደጋ የፖም ችግኝ ማዳቀል የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ መሆኑን ስናስታውስ ጉዳዩ ሩቅ እንዳልሆነ እንረዳለን።

ከቫይረስም ያነሱ፣ የፕሮቲን ሽፋን እንኳ የሌላቸው ቫይሮይድ የሚባሉ አሉ። ኮክን የሚይዘው አንዱ ቫይሮይድ በመግረዣ ቢላና መቀስ ጭምር ይተላለፋል። ስለዚህ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስንሸጋገር ቢላችንን በበረኪና ውኃ ማጽዳት የይስሙላ ሥርዓት አይደለም።

4. የፈንጣጣው ጉዞ

የሰው እጅ ከክሽክሽ ክንፍ ይልቅ ሩቅ እንደሚያደርስ የፕሪም ፈንጣጣ ታሪክ ያስረዳል።

በሽታው መጀመሪያ የታየው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በቡልጋሪያ፣ በፕሪም ዛፎች ላይ ነበር። ያዩት ገበሬዎች ናቸው፤ ስሙንም ያወጡለት እነሱ ናቸው። ቫይረስ መሆኑን በ1930ዎቹ መጀመሪያ የገለጸው ዲሚታር አታናሶቭ የተባለ ቡልጋሪያዊ ሳይንቲስት ነው። ከዚያ በኋላ በጎረቤት አገሮች ዘለቀና በጥቂት ዐሠርት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን አውሮፓ አዳረሰ። እስከዚህ ድረስ ክሽክሽና ችግኝ ተጋግዘው አደረጉት ማለት ይቻላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን በግብፅ ታየ። በ1992 ቺሌ ተገኘ። በ1999 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ በ2000 በካናዳ፣ በ2009 በጃፓን ተገኘ። ክሽክሽ አትላንቲክ ውቅያኖስን በርራ አታቋርጥም። ይህን ያህል መንገድ የሚሄደው ሰው የሚያጓጉዘው ችግኝና ቀንበጥ ነው።

በጉዞው ላይ ቫይረሱም አንድ ሆኖ አልቀረም። ዛሬ ተመራማሪዎች ወደ 10 የሚጠጉ ዝርያዎቹን ለይተው ያውቃሉ። ከሁሉ ይበልጥ የተሠራጨው ዲ የሚባለው ነው። ኤም የሚባለው በኮክ እርሻ ውስጥ በፍጥነት ይዛመታል። የግብፁ ለብቻው የሆነ ዝርያ ነው። ቼሪን ለመያዝ የተመቹ ዝርያዎችም አሉ። ዲ እና ኤም በአንድ ዛፍ ውስጥ ተገናኝተው የውርስ መልእክታቸውን በመለዋወጣቸው የተወለደ ሌላ ዝርያም ተገኝቷል። አንድን የታመመ ዛፍ በቸልታ መተው ለአዳዲስ ዝርያዎች መፈልፈያ ጎጆ መሥራት ነው።

ጉዳቱስ? ፍሬው ላይ ቀለበትና ጉድጓድ ይወጣል፤ ስኳሩ ይቀንሳል፤ በብዙ የፕሪም ዓይነቶች ላይ ከመብሰሉ በፊት ይረግፋል። በ2006 የወጣ አንድ ግምት በሽታው በ30 ዓመት ውስጥ በዓለም ላይ ያስከተለውን ወጪ ከ10 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አድርጎታል።

ሁለት አገሮች ያደረጉትን እንመልከት። በፔንሲልቬንያ ከ1,600 ኤክር ያላነሰ የፍራፍሬ እርሻ ተነቅሎ ተቃጠለ፤ ለገበሬዎቹም ካሣ ተከፈለ። ቅጠል ዓመት ከዓመት እየተሰበሰበ ተመረመረ። በ2006 በኒው ዮርክና በሚሺጋን ደግሞ ተገኝቶ ሥራው ቀጠለ። አሜሪካ ከበሽታው ነጻ መሆኗ የተገለጸው በ2019 ነው፤ 20 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በጃፓን ደግሞ በቶኪዮ ምዕራብ ኦሜ የምትባል ከተማ በአበባዋ የታወቀች የኡሜ መናፈሻ ነበራት። ኡሜ የኮክና የአፕሪኮት ዘመድ ነው። ሕዝብ በየዓመቱ አበባ ሊያይ የሚጎርፍበት የዚያ መናፈሻ ዛፎች በ2014 በሙሉ ተቆረጡ። እንደገና መትከል የተጀመረው በ2016 ነበር። ለዓመታት የተንከባከቡትን ዛፍ በገዛ እጅ መቁረጥ ምን ያህል እንደሚያሳዝን መገመት አያዳግትም። ካናዳ በበኩሏ ለ10 ዓመት ያህል ስትነቅል ቆይታ በ2011 የማጥፋት ዘመቻውን አቁማ በሽታውን ተቆጣጥሮ ወደ መኖር ተመልሳለች። ዘግይቶ የተነሣ ሁልጊዜ አይሳካለትም።

5. ዓይናችን ይበቃልን ይሆን?

ወደ እኛዋ ኮክ እንመለስ። ቅጠል የሚያዥጎረጉር ሁሉ ቫይረስ አይደለም። ብረት የሚባለው ማዕድን ሲጎድል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ይሆናል። ክሽክሽ ራሷ ቅጠሉን ትጠቀልለዋለች። የኮክን ቅጠል አወፍሮና አቅልቶ የሚያጨማድደው ፈንገስ ነው። በአሜሪካ «የኮክ ብጫ» የተባለው አሮጌ በሽታ እንኳ ለብዙ ዘመን ቫይረስ ነው ሲባል ኖሮ፣ የጃፓን ሳይንቲስቶች በ1967 ፋይቶፕላዝማ የተባሉትን ግድግዳ የለሽ ባክቴሪያዎች ካገኙ በኋላ የእነሱ ሥራ መሆኑ ታወቀ።

በአንጻሩ ደግሞ ንጹሕ የሚመስል ዛፍ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። በፈንጣጣው የተያዘ ዛፍ ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። ቫይረሱ በአንዱ ቅርንጫፍ በዝቶ በሌላው ላይገኝ ይችላል። የሙቀት ወራት ሲመጡ ምልክቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ምልክት ለመፈለግ የሚመረጠው ቅጠሉ ለጋ ሆኖ አየሩ ገና ያልሞቀበት ጊዜ ነው። የአፕሪኮት ከሆነ አጥንቱን ማየት ነው፤ ፈንጣጣ የያዘው አፕሪኮት ሥጋው ሲነሣ አጥንቱ ላይ የነጣ ቀለበት ይገኛል።

ቁርጡን የሚያሳውቀው ግን ምርመራ ነው። የድሮው ዘዴ ከተጠረጠረው ዛፍ ቀንበጥ ወስዶ ቶሎ ምልክት በሚያሳይ የኮክ ችግኝ ላይ ማዳቀልና መጠበቅ ነበር። በ1977 ሁለት ተመራማሪዎች ኤላይዛ የሚባለውን በፀረ እንግዳ አካል የሚሠራ የቀለም ምርመራ ለዕፅዋት ቫይረስ እንዴት እንደሚውል ሲያሳዩ፣ ከሞከሩባቸው ቫይረሶች አንዱ ይኸው የፕሪም ፈንጣጣ ነበር። ብዙ ሺህ ቅጠል በአጭር ጊዜ መመርመር የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ፒሲአርና የውርስ መልእክቱን በሙሉ የሚያነቡ መሣሪያዎች ተጨምረዋል፤ በእነሱም ከዚህ በፊት ስም ያልነበራቸው ቫይረሶች እየተገኙ ነው።

6. ምን ይደረግ?

መድኃኒት ከሌለ መንገዱን መዝጋት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት።

አንደኛ፣ ለማዳቀያ የሚቆረጠው ቀንበጥ ከተመረመረ እናት ዛፍ ይሁን። ትላልቅ የችግኝ ጣቢያዎች ጥሩ ዝርያ ታሞ ሲገኝባቸው ተክሉን ለሳምንታት በ37 ወይም በ38 ዲግሪ ሴልሲየስ ሙቀት ያቆዩትና የጫፉን እጅግ ትንሽ ለጋ ክፍል ቆርጠው ንጹሕ ተክል ያወጣሉ። ይህ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። እኛ ግን ከተጠረጠረ ዛፍ አለመቁረጥ እንችላለን።

ሁለተኛ፣ ከሩቅ አገርም ሆነ ከሩቅ ወረዳ በሻንጣ ቀንበጥ ይዞ መምጣት ይቅር። የኳራንቲን ሕግ የወጣው ለማስቸገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዘርን በሚመለከት እንጠንቀቅ። የፕሪም ፈንጣጣ በዘር አይተላለፍም፤ በአበባ ዱቄት የሚሄዱት ግን በከፊል ሊተላለፉ ይችላሉ። ስለዚህ ዘርም ቢሆን ጤነኛ ከሚመስል ዛፍ ይወሰድ፤ የበቀለውም ይታይ።

አራተኛ፣ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አሉ። በጀርመን የወጣው ዮዮ የተባለው ፕሪም ቫይረሱ የገባበትን ሴል ራሱ እየገደለ በሽታውን ያግደዋል። በአሜሪካና በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ትብብር የተሠራው ሃኒስዊት ደግሞ የቫይረሱን አንድ የውርስ ቁራጭ በውስጡ ይዞ ቫይረሱ እንዳይባዛ ያደርጋል። እነዚህ ተስፋ ሰጪ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ቫይረስ ግን እንዲህ ያለ ዝርያ የለም።

7. እኛስ ምን አደረግን?

ከዛፏ አልቆረጥንም። ቀለበቱ የቫይረስ ይሁን አይሁን ዓይናችን አይወስንም፤ ስለዚህ ቅጠሉን ለእርሻ ባለሙያ ለማሳየት ተስማማን፤ መልሱ እስኪመጣም ግንዷ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርን። «ፍሬዋ ጣፋጭ ነው» ያለው ጓደኛችንም ራሱ ነው ያሰረው። ለትምህርት ቤቶቹ የሚሆን ዘር ምልክት ካልታየባቸው ከሌሎች ዛፎች ሰብስበን ዘራን።

ይህን ሁሉ ለአትክልተኛው አባት ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «እኔ እኮ ከዚህች ዛፍ ለስንት ሰው ቆርጬ ሰጥቻለሁ» አሉ። ማንም ሊወቅሳቸው አልቻለም። የሰጡት ከልግስና ነው፤ እኛም በደስታ ልናደርገው የነበረው ይህንኑ ነው። በሽታው የሚሄደው በክፉ ሰው እጅ አይደለም። ምርጡን ዛፉን ለጎረቤት በሚያካፍል ሰው እጅ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ደብተር አውጥተን አብረናቸው ተቀመጥን። ለማን እንደሰጡ፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ቀበሌ እያስታወሱ ነገሩን፤ እኛ ጻፍን። እስካሁን 11 ቤት ተመዝግቧል። ባለሙያው መልስ ሲሰጥ ወደየቤቱ ሄደን የምንናገረው ይኖረናል፤ መልካም ዜና ቢሆን ደግሞ እሰየው።

ነገ በየገጠሩ ተማሪዎቻችንን ማዳቀል የምናስተምረው እኛ ነን። የእጅ ጥበቡን ብቻ አስተምረን «ከየትኛው ዛፍ?» የሚለውን ጥያቄ ከዘለልን ተማሪዎቻችን በሽታ አከፋፋይ ሆነው ይወጣሉ። ትምህርቱ ከቢላው በፊት በቅጠሉ ይጀመር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፀረ ተባይ መርጨት የፕሪም ፈንጣጣን ብቻውን ለማቆም የማይበቃው ለምንድነው?
2. በአበባ ዱቄት ለሚተላለፍና በአፈር ትል ለሚተላለፍ ቫይረስ አንድ ዓይነት መከላከያ ይሠራልን? ምክንያታችሁን ግለጹ።
3. አንድ ጎረቤታችሁ ከምትወዱት ዛፍ ቀንበጥ ቢለምናችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት ምን ምን ታያላችሁ?
4. በመንደራችሁ ካሉት የኮክና የፕሪም ዛፎች የአምስቱን ቅጠል ሥዕል ሥላችሁ አምጡ፤ የምታዩትን ምልክት ጻፉ እንጂ የበሽታውን ስም አትጻፉ።

መልሳችሁን በሳይንስ ክበቡ ሣጥን ውስጥ ክተቱ። የተሻለውን በሚቀጥለው ዕትም እንለጥፋለን።